የአራሷ ጥርስና የልጇ የክትባት ካርድ

በሐይቅና በአምባሰል ሴት በሰላም በተገላገለች ጊዜ፣ ክርስቲያኗ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለወንድ 40 ለሴት 80 ቀን፣ እስላሟም እንደ ሃይማኖቷ 40 ቀን አራስ ተብላ፣ ገንፎው በቅቤ፣ አጥሚቱም በማር እየሆነ ቀንና ሌሊት እየቀረበላት፣ ጎረቤቱም እየተመላለሰ እየጠየቃት መክረሟ፣ የፈሰሰው ደሟ እንዲተካና የዛለው ጉልበቷ እንዲጸና መሆኑ የታወቀ ነው፤ ይሁን እንጂ ለወገቧና ለጡቷ ይህን ያህል የሚጨነቀው ዘመድ አዝማድ፣ ድዷ ሲደማና ጥርሷ ሲነቃነቅ ያየ እንደ ሆነ፣ “የወሊድ ነው፣ ያልፋል” ብሎ ይተወዋል።

ሁልጊዜ አያልፍም። ፅንስ ከእናቱ ጥርስ እየሸረሸረ አጥንቱን ይሠራል የሚል ጥንታዊ እምነት በብዙ አገር ቢኖርም፣ የሕክምና ሊቃውንት የሚያስረዱት ሌላ ነው፤ ይኸውም በእርግዝና ወራት የሚበረታው ሆርሞን ድድን ስለሚያሳብጥ፣ በማስመለስ ጊዜ የሚወጣው የጨጓራ አሲድ የጥርስን የላይ ልባስ ስለሚበላ፣ አዘውትሮ የሚወሰደውም ጣፋጭ በአፍ ውስጥ ለሚኖሩት ተሕዋስያን ሲሳይ ስለሚሆን ነው። ድዷ የቆሰለ ሴት መፋቂያውንም ሆነ ሲዋኩን ሕመሙን ፈርታ በተወችው መጠን ደዌው ይጸናል፤ ጥርስ የሚያበሰብሱት ተሕዋስያንም በምትቀምሰው ማንኪያ በኩል ወደ ሕፃኑ አፍ ይሻገራሉ።

መንግሥት የቅድመ ወሊድ ክትትል፣ የማዋለድና የድኅረ ወሊድ እንክብካቤ በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ማድረጉ የሚመሰገን ነው፤ የዚህ ቸርነት ወሰን ግን ከአንገት በታች ብቻ ይመስላል።

ነገሩ ከሌላው ወረዳ ይልቅ ተሁለደሬን ይመለከታል የምልበት ምክንያት አለኝ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር፣ ከአማራ ክልል የተመረጡት ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና መቀመጫዋን ሐይቅ ከተማ ያደረገችው ተሁለደሬ ነበሩ። ይህ መድን ከማይሸፍናቸው ነገሮች መካከል ሰው ሠራሽ ጥርስና መነጽር ይገኛሉ፤ የሚደንቀውም እነዚሁ ሁለቱ፣ ጥርስና መነጽር፣ ከዚያ 60 ዓመት ቀደም ብለው የእንግሊዝን መንግሥት አናውጠው የነበረ መሆኑ ነው። በ1940 ዓ.ም. የእንግሊዝን ነጻ የሕክምና አገልግሎት ያቋቋመው ሚኒስትር አናይሪን ቤቫን፣ በሁለቱ ላይ ክፍያ ሊጣል መሆኑን በመቃወም በ1943 ዓ.ም. ሹመቱን ለቀቀ። ክፍያው በእርሱ መልቀቅ አልቀረም፤ ነገር ግን ዛሬ በለንደን በአገልግሎቱ የምትታከም ኢትዮጵያዊት፣ ነፍሰ ጡር ሳለችም ሆነ ከወለደች በኋላ እስከ 12 ወር ድረስ፣ አዋላጇ ወይም ሐኪሟ ባረጋገጡላት ማስረጃ ጥርሷን ያለ ክፍያ ትታከማለች፤ ሕፃኑ ሞቶ ቢወለድባት እንኳ መብቷ አይቀርባትም። ከሥርዓቱ ሁሉ ምሕረት የበዛበት ይህ የመጨረሻው ድንጋጌ ይመስለኛል፤ የታመመችው እናቲቱ ናትና።

እኛ የለንደንን ያህል እንጠይቅ አልልም። ሰው ሠራሽ ጥርስ ለጊዜው ይቆይ፤ የተበላውን መሙላት፣ የማይድነውን መንቀል፣ የቆሸሸውን ድድ ማጽዳት፣ ይህን ብቻ የወለደች ሴት፣ የመድኑ አባል ብትሆንም ባትሆንም፣ እስከ 12 ወር ያለ ክፍያ ታግኝ። ወጪውም ገበሬው በየዓመቱ ከሚያዋጣው መዋጮ ሳይሆን፣ እንደ ማዋለዱ ሁሉ ከመንግሥት በጀት ይሁን። ለዚህ ደግሞ የቀበሌ ደብዳቤ፣ ማኅተምና ምስክር እየተባለ አራስ ከቢሮ ቢሮ መንከራተት አይገባትም፤ የልጇ የክትባት ካርድ የተወለደበትን ቀን ይናገራል፤ ልጅ ለሞተባትም የጤና ጣቢያው የወሊድ መዝገብ ይበቃል። እናቲቱ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ ኋላም በ9ኛው ወር ለኩፍኝ ክትባት ሕፃኑን አዝላ ትመጣለች፤ ሕፃኑ ይመዘናል፣ ይከተባል፣ ካርዱ ይጻፋል፤ እርሷን ግን “እስቲ አፍሽን ክፈቺልኝ” የሚላት የለም።

የጥርስ ሐኪም ከየት ይመጣል የሚለው ተቃውሞ እውነት አለበት። በነጻ ትታከም ተብሎ ቢታወጅና ሐኪሙ ደሴ ቢሆን፣ ከሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከአምባሰሏ ውጫሌ ደግሞ ከዚያ በላይ ሕፃን አዝላ የምትሳፈር ሴት የመኪናው ሒሳብ ከሕክምናው ዋጋ ሊበልጥባት ይችላል። ስለዚህ አዋጁ ከሰው ጋር ይምጣ፤ አንድ የጥርስ ባለሙያ ማደንዘዣውንና መንቀያውን ይዞ በወር አንድ የክትባት ቀን ወደ ሐይቅ፣ አንድ ቀን ደግሞ ወደ ውጫሌ ይላክ፤ ቀኑም በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አፍ ለየቀበሌው አስቀድሞ ይነገር።