የደሪጣን ድንጋይ ማን ይመዝግብ?



በጥር እረፍት ወረታ አካባቢ ያደግን ሦስት የአርኪዮሎጂ ተማሪዎች ከፎገራ ሜዳ ዳር ካለ ተረተር ላይ አንድ የገል ስባሪ አገኘን። አንስተን፣ ጠርገን፣ ኪሳችን ከተትነው። ግቢ ተመልሰን ለመምህራችን በኩራት ስናሳያቸው፣ ዕቃውን ትተው «የት ነበር? ከጎኑስ ምን ነበር?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ያ ገል ኢስናዱ እንደጠፋ ወሬ ሆኖ ቀረ።

ይህን የምናነሳው በግቢያችን ስለ ሙስሊሙ ታሪክ ብዙ ስለምንከራከር ነው። የነገሥታቱ ዜና መዋዕል ስለ ሲራራ ነጋዴ አባቶቻችን ብዙ አይልም ብለን እናማርራለን። ምሬቱ እውነት አለው። ግን እኛስ ምን ጻፍን? የይፋግን ገበያና በአጠገቡ ያለችውን የሙስሊም ነጋዴዎች ከተማ ደሪጣን የ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓውያን ተጓዦች ጠቅሰዋቸዋል። በመንገዳቸው ያለፉ እንግዶች በጻፉት ብቻ ረክተን መቀመጥ ያሳፍራል።

ፎገራ ለተማሪ ከባድ መምህር ነው። ርብና ጉማራ በየክረምቱ ሞልተው ደለላቸውን ያነጥፋሉ፤ ዛሬ ሩዝ የሚበቅልበት መሬት የጥንቱን ገጽ ከሥሩ ሸፍኖታል። ስለዚህ በሜዳው ላይ ተመላልሶ ምንም አለማየት «ሰው አልነበረም» አያሰኝም። መታየት ያለበት ዳር ዳሩ ነው፦ ተረተሩ፣ ወንዝ የቆረጠው ገደል፣ ገበሬ ውኃ ሲፈልግ የቆፈረው ጉድጓድ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጆአን ዶምብሮውስኪ ከጣና በስተምሥራቅ፣ ላሊበላ በተባለ ዋሻ (ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ያሉበት አይደለም) ቆፍራ ከ2,000 ዓመት በላይ የቆየ ገብስና ሽምብራ አግኝታለች። እናቶቻችን ዛሬም የሚቆሉት እህል ነው።

መሬት ደግሞ የምንወደውን ብቻ አይነግረንም። ድሬዳዋ አጠገብ ባለችው ሐርላ ትልልቁን ድንጋይ የጠረቡት ግዙፋን ናቸው ይባል ነበር። የቲሞቲ ኢንሶል ቡድን እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ባደረገው ግኝት አፅሞቹ እንደኛው ያሉ ሰዎች ሆነው ተገኙ። በተረቱ ፋንታ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጂድና ከየመን እስከ ቻይና የተዘረጋ ንግድ ወጣ። በክርክር ለማሸነፍ ብቻ የሚቆፍር ሰው ይህን አያገኝም።

አንዳንድ ወንድሞች «ቀብር ትነካላችሁ» ይሉናል። ስጋታቸው ተገቢ ነው፤ የሙታን ክብር አለ፣ ዑለማዎቻችንም ሳይጠየቁ የሚነካ ነገር መኖር የለበትም። ነገር ግን አብዛኛው ሥራ ዶማ አይፈልግም። መራመድ፣ መለካት፣ መሳል፣ ፎቶ ማንሳት፣ የድንጋይ ጽሑፍ ማንበብ ነው። ትግራይ ውስጥ በኲሓ የ11ኛውና የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሙስሊሞች የታወቁት ዐረብኛ በተጻፈባቸው የመቃብር ድንጋዮች ነው። እኛ ቀብር አትንኩ ስንባባል የመቃብሩ ድንጋይ በጋሪ ተጭኖ አጥር እየሆነ ከሆነ ግን ማን ነው የነካው?

ኢንሻአላህ በሚቀጥለው እረፍት ወደ ደሪጣ እንሄዳለን። ቁፋሮ ፈቃድ ይጠይቃል፣ እኛም አንቆፍርም። ደብተር፣ ሜትርና ስልካችን ላይ ያለው ጂፒኤስ ይበቃናል። ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ የሚጽፍ፣ በተለይ ዐረብኛ የሚያነብ ወንድም ወይም እህት ካለ ከጁምዓ በኋላ ያግኘን።

ገሉን ወደ ቦታው እንመልሰው ብለን ነበር። የትኛው ተረተር እንደነበር ግን ሦስታችንም አልተስማማንም።