ምንሽሩ ነው ወይስ ዓይኑ?

ቡሬ ዙሪያ የሚኖሩ አንድ የሥጋ ዘመዴ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ «አልሞ ተኳሽ» ሲባሉ የማውቃቸው፣ ከመስቀል ማግስት ቤቴ መጡ። ቡናው ሳይወርድ፣ «ምንሽሬ ሳይበላሽ አልቀረም። ዝንጀሮ በቆሎውን ሲፈጅብኝ ሦስት ተኩሼ ሦስቱንም ሳትሁ። ብረት የሚያይ ባለሙያ ፈልጊልኝ» አሉኝ። እኔ ግን ስኒውን ለማንሳት ሲዳብሱ አይቻቸዋለሁ።

«አያ፣ ብረቱ ይቆይ። መጀመሪያ እርስዎን ልይ» አልኋቸው።

ጠመንጃ ተኩሼ አላውቅም። የተኩስ ነገር ግን ግማሹ የሰውነት ነገር ነው። ሰደፉ ትከሻ ላይ ጠበቅ ይላል። ትንፋሽ ግማሹ ወጥቶ ለጥቂት ሰከንድ ይያዛል፤ ከዚያ ካለፈ እጅ ይንቀጠቀጣል። ቃታው ቀስ ተብሎ ይሳባል፤ በድንገት የሳበው አፈሙዙንም አብሮ ይጎትተዋል። አያ ይህን ከአባታቸው ተምረዋል። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሲገባ ለአርበኛው ጥይት ብርቅ ነበርና አባትየው በከንቱ መተኮስን አያውቁም ነበር።

ችግሩ ዓይን ነው። ተኳሽ የኋላውን ማነጣጠሪያ፣ የፊቱንና ኢላማውን ያሰልፋል፤ ዓይን ግን በአንድ ጊዜ አንዱን ርቀት ብቻ ነው አጥርቶ የሚያየው። ስለዚህ ጎበዝ ተኳሽ ዓይኑን የፊተኛው ማነጣጠሪያ ላይ ያሳርፋል። ከ40 ዓመት በኋላ የዓይን ሌንስ ስለሚደድር የቅርቡ ይደበዝዛል፤ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ያቃተን ሁሉ እናውቀዋለን። ሞራ ሲጨመርበት ሩቁም ይሄዳል።

ግራ ዓይናቸውን ሸፍኜ ከሦስት ሜትር ላይ ጣቶቼን አስቆጠርኋቸው። በሚያልሙበት በቀኙ አልቻሉም። ብሌኑ ነጣ ብሏል። (እናንተም ቤት ያሉትን ሽማግሌ እንዲሁ ሞክሯቸው፤ ወጪ የለውም።)

ይህን ጊዜ የልጅ ልጃቸው በግራ በኩል «አባባ!» ብላ ሁለቴ ጠራች። አልሰሙም። በቀኝ ትከሻው የሚተኩስ ሰው ለአፈሙዙ የሚቀርበው ግራ ጆሮው ስለሆነ ይበልጥ የሚጎዳው እርሱ ነው። ቀድሞ የሚጠፋውም ቀጭኑ ድምፅ፣ የልጅ ድምፅ ነው።

«በቆሎውን ማን ነው የሚጠብቀው?» አልኋቸው።

«እነዚሁ ልጆች ናቸዋ» አሉና ዝም አሉ። እኔም ዝም አልሁ።

ፍኖተ ሰላም ወስደን አስመርምረናቸው ለሞራው ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ተይዞላቸዋል። ምንሽሩ ጥይቱ ወጥቶለት ተቀምጧል። ጥይቱ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ በባለቤታቸው መቀነት ጫፍ ላይ ታስሯል። አያ እስካሁን አኩርፈውኛል። ዝንጀሮውን ልጆቹ በወንጭፍ ያባርራሉ።