ጤነኛ ጥርስ ለምን ይሞረዳል?

“ጥሩ የውበት ጥርስ ሐኪም እንዴት ይመረጣል?” የሚል ጠያቂ በዝቷል። መላሹም በዝቷል። ፌስቡኩም ቲክቶኩም ይመልሳል። መልሱ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ጎን ለጎን የተለጠፉ ሁለት ፎቶግራፎች። በግራ “በፊት”፣ በቀኝ “በኋላ”። በግራ ያለው በወይራ መፋቂያ የኖረ ያገራችን ጥርስ ነው፤ ቡና ነካ ያደረገው፣ ትንሽ የተንጋደደ፣ መሃሉ ፍንጭት። በቀኝ ያለው አዲስ የቡና ሲኒ ይመስላል።

እኔ ጠቤ ከዚህ “በኋላ” ከሚሉት ቃል ጋር ነው። በኋላ ማለት መቼ ነው? ሥራው ባለቀ በዚያው ሰዓት፣ ሰውየው ከወንበሩ ሳይነሳ፣ በዚያ ጥርስ አንድ ጉርሻ እንኳ ሳያኝክበት! አምስት ዓመት ቆይቶ የተነሳ ፎቶ ያሳየ ማስታወቂያ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም።

አያቶቻችን በዚህ ነገር ከኛ ይሻሉ ነበር ብል ትስቁ ይሆናል። በሰሜኑ ደጋ፣ በወሎም በጎጃምም፣ የጥርስ ውበት ባለሙያ ማለት ነቃሿ ነበረች። ድዱን በመርፌ ትወጋና ጥላሸት ታስገባበታለች፤ ድዱ ሲጠቁር ጥርሱ በረዶ ይመስላል። ጥርሱን ሳትነካ ጥርሱን አነጣችው ማለት ነው። (መርፌው ካንዷ አፍ ወደ ሌላዋ አፍ ሲዞር በሽታም አብሮ ይዞር ነበር። ይመለስልን አላልኩም።) አመራረጡን ግን ልብ በሉልኝ። እናት ልጇን ለነቃሽ ከመስጠቷ በፊት የነቃሿን ሥራ በገበያ፣ በሠርግ፣ በለቅሶ ቤት አይታዋለች። ከአምስት ዓመት በፊት የተነቀሰችው የእገሊት ልጅ ድዷ አምሮበት ቆየ ወይስ ተዥጎረጎረ? ሥራው ሰው አፍ ውስጥ ሆኖ በየመንደሩ ይዞራል። ነቃሿም የትም አትሄድ፤ ካጠፋች እዚያው ተቀምጣ ስትሰደብ ትኖራለች።

አሁን ወደ መካነ ሰላም እንምጣ። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ያለባት ከተማ ናት፤ የወጣቱ ስልክ የሚያሳየው የቦሌውን ክሊኒክ ነው። ከሳዑዲ የተመለሰች የቦረና ወይም የወግዲ ልጅ፣ በሰው ቤት ስንት ዓመት ለፍታ ያጠራቀመቻትን ይዛ፣ ከሠርጓ በፊት “ጥርሴን ልሠራ” ብላ ትነሳለች። ገንዘቧ ነው፣ መብቷም ነው፤ “ምን አቀበጣት?” የሚላትን አልወድም። የሚያናድደኝ እዚያ ወንበር ላይ የሚነገራት ነገር ነው። ዘፈኑ ሁሉ ሲያሞግሰው የኖረው ፍንጭቷ እዚያ ሲደርስ “ችግር” ይባላል። ከዚያ ሞረዱ ይነሳል።

ሞረድ ስል ማጋነኔ አይደለም። በ2002 (እ.ኤ.አ.) የታተመ አንድ ጥናት እንዳሰላው፣ ሙሉ ሽፋን ወይም ክራውን ለማልበስ ከድድ በላይ ካለው የጥርስ አካል ከ63 እስከ 72 ከመቶው ይሞረዳል። ከፊት ብቻ የሚለጠፈው ስስ ሽፋን፣ ቬኒር የሚሉት፣ እንደ አሠራሩ ከ3 እስከ 30 ከመቶ ይወስዳል። “ቬኒር ነው” ተብሎ ክራውን የሚያለብስም ስላለ ልዩነቱን መጠየቅ ግድ ነው። የጥርስ የላይኛው ልባስ፣ ኢናሜሉ፣ እንደ ጥፍር ተመልሶ አይበቅልም። አንዴ የተሞረደ ጥርስ ዕድሜ ልኩን ልብስ ፈላጊ ሆነ። ልብሱ ደግሞ ያረጃል፤ ይነቀላል፣ ይሰነጠቃል፣ ከሥሩ ይበሰብሳል። ያኔ ልጅቷ የት ነች? መካነ ሰላም። ደሴ እንኳ በአቀስታ በኩል ወደ 180 ኪሎ ሜትር ነው። አዲስ አበባማ አይነሳ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተካሄደው ጦርነት መንገድ ስንት ጊዜ እንደተዘጋ የደረሰበት ያውቀዋል። እንግዲህ ለቦረና ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ “ማን ያነጣልኛል?” ሳይሆን “ሲወልቅ ወደ ማን እመለሳለሁ?” ነው። ይሄን ጥያቄ ማንም ማስታወቂያ ውስጥ አላገኘሁትም።

“የውበት ስፔሻሊስት” የሚለው ማዕረግም አያስደንግጣችሁ። አሜሪካ ውስጥ እንኳ በይፋ ከሚታወቁት 12 የጥርስ ሕክምና ስፔሻሊቲዎች መካከል “የውበት” የሚባል የለም። የአውሮፓ ኅብረት ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ከ0.1 ከመቶ በላይ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያለበት የጥርስ ማንጫ ከጥርስ ሐኪም በቀር ለማንም እንዳይሸጥ፣ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅም እንዳይደረግ ከልክሏል። ከ6 ከመቶ በላይ የሆነው ጨርሶ ክልክል ነው። እኛ ጋ መድኃኒቱን ከጸጉር ቅባት ጎን ደርድሮ “እናንጣልዎ” የሚል የውበት ሳሎን አለ።

ጥሩውን ሐኪም የማውቀው በሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ጥርሱ የበለዘን ሰው “በልጅነትህ የየት ውሃ ጠጣህ?” ይለዋል። መተሃራ ወይም ወንጂ ያደገ ከሆነ ብልዘቱ ከስምጥ ሸለቆው ውሃ ፍሎራይድ የመጣ፣ ጥርሱ ገና ሲሠራ አብሮ የገባ ነው፤ በማጠብ አይለቅም። ቦረና ደጋ ላይ አድጎ ቡናና ጫት ያበለዘው ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ማጠብ ብቻ ይበቃዋል። ሞረድ ምን አመጣው? ደግሞ ድዱ እየደማ፣ መንጋጋው ተቦርቡሮ ሳለ የፊቱን ጥርስ የሚያስውብ ሐኪም ቤቱ ሳይጠገን አጥሩን የሚቀባ ነው። ሐቀኛው “መጀመሪያ ይሄ ይታከም” ይላል፤ አንዳንዴም “ጥርስሽ ጤነኛ ነው፣ አልነካውም” ብሎ ገንዘቧን ይመልስላታል። እንዲህ ያሉ ሐኪሞች አሉን። ማስታወቂያ ስለማያበዙ አንሰማቸውም እንጂ።

ፈቃድ ሰጪው ጤና ቢሮ አንድ ነገር ቢያስገድድልኝ በቂዬ ነው። “በኋላ” ከሚለው ፎቶ ሥር፣ ሥራው ካለቀ ስንት ዓመት እንደሆነው ይጻፍ። አንድ ቁጥር ነው፤ ቦታ አይፈጅም።