የነሐሴ ዓሣ



በአማርኛ ቋንቋ «መጥመድ» እና «ማጥመድ» የሚባሉ ሁለት ቃላት አሉ። ገበሬ በሬውን ይጠምዳል፤ ዓሣ አጥማጅ ዓሣውን ያጠምዳል። ቃላቱ ከአንድ ግንድ የበቀሉ ናቸው፤ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። በሬ የጠመደ ሰው የዘራውን ያጭዳል፤ ዓሣ ያጠመደ ሰው ግን ራሱ ያልዘራውን ይሰበስባል። ገበሬው የዘር እህሉን ለይቶ ያኖራል፤ ችግር እንኳ ቢጸናበት እርሱን ለመንካት ይሳቀቃል። የዓሣ አጥማጅስ የዘር እህሉ ወዴት አለ? ዛሬ በዚህ ዐምድ ልንነጋገርበት ያሰብነው ነገር ይህ ነው።

ምሳሌ እንዲሆነን የጣናን ሐይቅ እንመልከት። ጣና በኢትዮጵያ ካሉት ሐይቆች ሁሉ የሚበልጥ ሲሆን፥ ስፋቱ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ጥቂት ከተጓዘ በኋላ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ቁልቁል ስለሚወረወር፥ በታችኛው ወንዝ ያለው ዓሣ ፏፏቴውን ተሻግሮ ወደ ሐይቁ ሊገባ አይችልም። ከዚህም የተነሣ በጣና ውስጥ በሌላ ስፍራ የማይገኙ ዓሦች ይኖራሉ። የዓሣ ሊቃውንት ላቢዮባርበስ ብለው የሚጠሩት ወገን ብቻውን 15 ያህል ዓይነት አለው።

ዓሦች ዘራቸውን የሚተኩበት መንገድ ልዩ ልዩ ነው። ቆሮሶ በሚባለው ዓሣ ዘንድ እናቲቱ ዕንቍላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቿም አደጋ ባዩ ጊዜ ሸሽተው ወደ እናታቸው አፍ ይገባሉ። ከላቢዮባርበስ ወገን ግን ብዙዎቹ ልማዳቸው ሌላ ነው። ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ስፋት ተነሥተው በወንዞች አፍ፥ ይኸውም ጉማራ፥ ርብ፥ መገጭና ግልገል ዓባይ ወደ ሐይቁ በሚገቡበት ስፍራ ይሰበሰባሉ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለውም ጊዜ የወንዙን ኀይል እየተቋቋሙ ወደ ላይ ይወጣሉ። የሚፈልጉት ጠጠር ያለበትንና ንጹሕ ውሃ የሚፈስበትን ስፍራ ነው። በዚያ ዕንቍላላቸውን ጥለው ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ።

እንግዲህ የሐይቁ የዘር እህል ይህ ነው። መንገዱ ጠባብ፥ ጊዜውም የታወቀ በመሆኑ ግን ለመረብ እጅግ የተመቸ ነው።

የጣና አጥማጅ ከጥንት ጀምሮ ደንገል ከሚባለው የውሃ ተክል በተሠራ ታንኳ ተቀምጦ ከዳር ሳይርቅ ሲያጠምድ ኖሯል። ከ1970ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ መጣ። ለብዙ ሰዎች እንጀራ ስለ ሆነ፥ ይህ የሚነቀፍ ነገር አልነበረም። ነገር ግን መረቡ በወንዞች አፍ በክረምት ተዘረጋ። በወንዞቹም ውስጥ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ በመበተን ዓሣውን አደንዝዞ የሚለቅም ሰው አልታጣም። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባሉት ዐሥር ዓመታት ውስጥ፥ ወደ ወንዝ ወጥተው ከሚራቡት ዓሦች በአጥማጆች መረብ የሚገባው በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን ሊቃውንት መርምረው ደረሱበት። የጫጩቶቹ ብዛት ከዚህም ይልቅ ዝቅ ብሎ ተገኘ።

በአንድ የክረምት ጧት በሐይቁ ዳር መረቡን የሚያራግፍ ሽማግሌ አገኘሁ። ከዓሦቹ የብዙዎቹ ሆድ በዕንቍላል ተወጥሮ ነበር።

«አባቴ፥ እነዚህ እኮ ዘር የተሸከሙ ናቸው፤ እስኪወልዱ ድረስ ስለ ምን አይተዉአቸውም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፥ ይህንንስ እኔም ዐውቃለሁ» አሉኝ። «ነገር ግን እኔ ብተወው ጎረቤቴ ያነሣዋል። በነሐሴ ጎተራዬ ባዶ ነው፤ መስከረም ሲጠባ የልጅ ልጆቼ ደብተር ይሻሉ። በሌላው ወር እኔ ዓሣውን ስፈልግ እውላለሁ፤ በዚህ ወር ግን ዓሣው ራሱ ወደኔ ይመጣል።»

የምመልሰው ቃል አጥቼ ዝም አልሁ።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በመርዝ ማጥመድን ከልክሏል። ሆኖም ሕግ ከጽሕፈት ቤት ተነሥቶ በራሱ እግር ወደ ወንዝ አፍ አይሄድም። በየወረዳው በሥራ ላይ ያላችሁ አንባቢዎቻችን የሽማግሌውን ቃል ልብ ልትሉት ይገባል። ሰውዬው የቸገራቸው ዕውቀት አይደለም፤ ብቻቸውን ቢታገሡ ብቻቸውን መጐዳታቸው ነው። ስለዚህ አጥማጆቹ ሁሉ ተሰብስበው፥ በየትኛው ወንዝ አፍ በየትኛው ወር መረብ እንዳይዘረጋ ራሳቸው ተስማምተው ቢወስኑ፥ ለዚያም ጊዜ የሚውሉበት ሌላ ሥራ ቢታሰብላቸው፥ ክልከላው የሚጸና ይሆናል።

እኛም ገዢዎች ከነገሩ ንጹሕ አይደለንም። የፍልሰታ ጾም የሚውለው ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቀን ነው፤ ይህም ዓሣው ወደ ወንዝ በሚወጣበት ወራት ውስጥ ነው። በጾም ዓሣ የሚበላ ቤተ ሰብ ካለ፥ እመቤቲቱ ወደ ገበያ በሄደች ጊዜ የዓሣውን ዐይን ጥራትና የስንጥቡን ቅላት እንደምትመለከት ሁሉ፥ «ከወዴት ተያዘ?» ብላ ትጠይቅ። ከወንዝ አፍ የተያዘውን ትታ ከሐይቁ መካከል የተያዘውን ብትመርጥ፥ ነጋዴው የምትፈልገውን ለማወቅ ብዙ ቀን አይፈጅበትም።

አባቶቻችን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ። እህል ቢፈስስ ከመሬት ይለቀማል። በወንዝ አፍ የቀረውን የዓሣ ዘር ግን ጎንበስ ብሎ የሚለቅም ሰው አይገኝም።