አሞኛል ብዬ ልቅር?

«ከሴት ጓደኞቼ ጋር ክረምቱን ፈረስ ግልቢያ እየተማርን ነው። ባለፈው ሳምንት ፈረሴ ደንብሮ ጣለኝ። ከዚያ ወዲህ ኮርቻ ሳይ ጉልበቴ ይብረከረካል። የፊታችን እሁድ ቤተሰብ ተጋብዞ እንጋልባለን። አሞኛል ብዬ ልቅር?»
የጨነቃት፣ ከሱሉልታ

መልስ፦ እህታችን፣ ፈረስ ለመደ ሰው መውደቅ ብርቅ አይደለም። ውሸቱ ግን ይቅርብሽ። ጭንቅላትሽን ተመትተሽ ከነበረ መጀመሪያ ሐኪም ይይሽ። ደህና ከሆንሽ መፍራትሽን ለአሰልጣኝሽ ንገሪው፤ ረጋ ያለ ፈረስ ይስጥሽ። ከእሁድ በፊት ሰው ልጓሙን ይዞልሽ በዝግታ ዙሪ። ተረከዝሽን ወደ ታች፣ ዓይንሽን ወደፊት! ሄልሜትም አድርጊ፤ «ፀጉሬ ይበላሻል» የሚሉትን ነገር አንሰማም። እሁድ ዕለት ጓደኞችሽ ሲሸመጥጡ አንቺ በእርምጃ እለፊ። እናትሽ እንደሆነች እልል ማለቷ አይቀርም።