ዑመር ለሹሞቻቸው የጻፉት

 

ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ከ634 እስከ 644 እ.ኤ.አ. ሲመሩ ሻም፣ ዒራቅና ግብፅ በአስተዳደራቸው ሥር ገቡ፤ በስራና ኩፋ ተቆረቆሩ። የጦሩ ስንቅ፣ የግብሩ ሒሳብ፣ በ18ኛው ዓመተ ሒጅራ የደረሰው ረሃብ ሁሉ ውሳኔያቸውን ይጠብቅ ነበር። ይህ ሁሉ እያለ፣ ኢማም ማሊክ በሙወጧእ እንደዘገቡት፣ ለሹሞቻቸው ሲጽፉ ከሥራችሁ ሁሉ በእኔ ዘንድ ትልቁ ሶላት ነው አሏቸው። እሱን ያጓደለ ሌላውን አደራ የባሰ እንደሚያጓድልም አስጠነቀቁ። ወቅቶቹን ሳይቀር ዘረዘሩላቸው፤ ዐስር ፀሐይዋ ገና ነጭ ሳለች፣ ጋላቢ ከመጥለቋ በፊት ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ በሚችልበት ጊዜ ይሰገድ አሉ። ለአገረ ገዥ የተጻፈ ሳይሆን ለልጅ የተሰጠ ምክር ነው የሚመስለው!

አባወራም በቤቱ ኃላፊ ነው። እኔ መምህር ነኝ፤ በፈተና ሰሞን የ10 ዓመት ልጄን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ቀስቅሼ ሒሳብ አስጠናው ነበር። በሌላው ቀን ግን የሱብሒ አዛን ሲሰማ «ልጅ ነው፣ ይተኛ» እላለሁ። አንድ ሌሊት ባለቤቴ «ለሒሳቡ ሲሆን ልጅ አይደለም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

አሁን ጥናቱ ከሱብሒ በኋላ ሆኗል። ቀላል አልነበረም። በመጀመሪያው ሳምንት ውዱእ አድርጎ መጥቶ መስገጃው ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል። ቁጣዬን ዋጥ አድርጌ ትከሻውን እነካውና አብረን እንቆማለን።