በዓሉ የባለቤቱ፣ ጉርብትናው የሁላችን

የረመዳን ጾም ተፈጽሞ፣ ዘካተል ፈጥር ለችግረኛው ተሰጥቶ፣ የዒድ ሶላት ከተሰገደ በኋላ የሙስሊሙ ቤት ለዘመድ አዝማድና ለጎረቤት ክፍት መሆኑ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ክርስቲያኑ ጎረቤትም «እንኳን አደረሳችሁ» እያለ ይገባል፤ ቡናው ይፈላል፤ ጨዋታው ይደምቃል። ወራት አልፈው የመስቀል፣ የገና፣ የጥምቀትና የትንሣኤ በዓላት በየተራቸው ሲደርሱ ግን ጥያቄው ወደ ሙስሊሙ ይዞራል። ሄዶ ይጠይቅ ወይስ ከቤቱ ይቀመጥ? መልካም ምኞቱን ይግለጽ ወይስ ዝም ይበል?

ቀደም ባለው ጊዜ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጡት የአካባቢው ሸኾችና አብሮ የመኖር ልማድ ነበሩ። ዛሬ ከሩቅ አገር የተነገረ ፈትዋ በእጅ ስልክ ከየቤቱ ይገባል። ከዚህም የተነሣ እናት ለብዙ ዓመታት ስትመላለስበት የኖረችውን የጎረቤት ደጅ ልጇ «ሐራም ነው» ብሎ የሚከለክልበት ቤት አለ። በሌላው ወገን ደግሞ በመሥሪያ ቤት ከተዘጋጀው የበዓል ማዕድ ስላልቀመሰ ብቻ «አክራሪ» ተብሎ የሚታማ ባልደረባ አይጠፋም። ሁለቱም ነገሮች የሰውን ልብ ያቆስላሉና ጉዳዩን በጥሞና መመልከት ተገቢ ነው።

በመጀመሪያ የእስልምና ሊቃውንት የማይለያዩበትን ነጥብ እናስቀምጥ። ሙስሊም በሌላ ሃይማኖት የአምልኮ ሥርዓት ተካፋይ አይሆንም። የቁርኣን 109ኛው ምዕራፍ፣ ሱረቱል ካፊሩን፣ የአምልኮን ድንበር በግልጽ ያስቀምጣል፤ ለእያንዳንዱ ሃይማኖቱን ይተዋል። አነስ ኢብን ማሊክ እንደዘገቡትም ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ መዲና በገቡ ጊዜ ሕዝቡ የሚጫወትባቸው ሁለት ቀናት ነበሩት፤ እርሳቸውም አላህ በእነዚያ ፋንታ የተሻሉ ሁለት ቀናትን፣ ዒድ አል አድሃንና ዒድ አል ፈጥርን፣ እንደሰጣቸው አስታወቁ። እንግዲህ በዓል በእስልምና ዘንድ ከእምነት ጋር የተቆራኘ ነገር ነው። ይህንን ማወቅ ለክርስቲያኑ ወገንም ይጠቅማል፤ ጥምቀተ ባሕር ያልወረደው ጎረቤቱ የራሱን ሥርዓት መጠበቁ እንጂ መናቁ አለመሆኑን ይረዳልና።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከአምልኮው ደጅ ውጭ ባለው ማኅበራዊ ሥፍራ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1350 ያረፉት ኢብኑል ቀይም ለሌላ እምነት ሃይማኖታዊ ምልክት የደስታ መግለጫ ማቅረብን አጥብቀው ከልክለዋል። በእኛ ዘመንም በ2001 ያረፉት የሳዑዲ ዓረቢያው ሊቅ ሸኽ ኢብኑ ዑሠይሚን ይህንኑ አቋም አጽንተዋል። ምክንያታቸውም ቀላል አይደለም፤ ደስታን መግለጽ የእምነቱን ይዘት መቀበል ይመስላል የሚል ነው።

በአንጻሩ በ1997 የተቋቋመው የአውሮፓ የፈትዋና የምርምር ምክር ቤት፣ እንዲሁም በ2022 ያረፉት ሸኽ ዩሱፍ አል ቀረዳዊ፣ በሥርዓቱ ሳይካፈሉ በሰላም አብሮ ለሚኖር ጎረቤት መልካም ምኞት መግለጽን ፈቅደዋል። የግብፅ የፈትዋ ተቋምም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። እነዚህኞቹ የሚመረኮዙት በቁርኣን 60ኛው ምዕራፍ፣ በሱረቱል ሙምተሒናህ ቁጥር 8 ላይ ነው። አንቀጹ በሃይማኖት ምክንያት ላልተዋጓችሁና ከቤታችሁ ላላስወጧችሁ ሰዎች በጎ መዋልንና በፍትሕ መሥራትን አላህ እንደማይከለክል ያስተምራል። አስማእ ቢንት አቡበክር ያልሰለመች እናቷ ልትጠይቃት በመጣች ጊዜ ምን ላድርግ ብላ ነቢዩን ጠይቃ ዝምድናዋን እንድትቀጥል መታዘዟም ከዚሁ ጋር ይነሣል። በ4ኛው ምዕራፍ ቁጥር 86 ደግሞ ሰላምታ የቀረበለት ሰው በተሻለ ወይም በተመሳሳይ ሰላምታ እንዲመልስ ታዟል። በዒድ «እንኳን አደረሳችሁ» የተባለ ሰው በገና ዝም ካለ ይህ ትእዛዝ የት ላይ ይውላል? ብለው ይጠይቃሉ።

ስለ ስጦታም እንዲሁ ነው። ጠንካራውን አቋም በመያዝ የሚታወቁት የደማስቆው ሊቅ ኢብኑ ተይሚያ (1263-1328) በሌሎች በዓል መሳተፍን በሚከለክለው መጽሐፋቸው ውስጥ እንኳ በዓል ቀን ከሌላ እምነት ተከታይ የሚመጣን ስጦታ መቀበል ክልክል እንዳልሆነ ጽፈዋል፤ ዐሊ ኢብን አቢ ጣሊብ በኑሩዝ ቀን የቀረበላቸውን ስጦታ እንደተቀበሉ በማስረጃነት ያቀርባሉ። ከነቢዩ ባለቤት ከዓኢሻም ለበዓሉ የታረደውን ትቶ ፍራፍሬውን መብላት እንደሚቻል የሚያመለክት ዘገባ ጠቅሰዋል። እንግዲህ ጥብቅ የተባለው ሊቅ የለየውን፣ ዛሬ በጥቂት ደቂቃ የስልክ ንግግር ሁሉን አንድ ላይ ጠቅልሎ «ክልክል» ማለት ለሊቃውንቱም ፍትሕ አይሆንም።

የአገራችን ሕዝብ ይህንን መለየት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኑሮ ተምሮታል። በቁርኣን 5ኛው ምዕራፍ ቁጥር 5 የመጽሐፉ ባለቤቶች ምግብ ለሙስሊም የተፈቀደ መሆኑ ቢገለጽም፣ በኢትዮጵያ ክርስቲያኑ የሙስሊሙን፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን እርድ አለመብላቱ ጸንቶ የኖረ ልማድ ነው። ሆኖም ልማዱ ሰዎቹን አላለያየም። ሠርግ የደገሰ ክርስቲያን ለሙስሊም ዕድርተኞቹ በግ ለይቶ ያቀርባል፤ የሚያርደውም ሙስሊም ነው፤ ድስቱም ለብቻው ይጣዳል። ሙስሊሙም ለእንግዳው ክርስቲያን እንዲሁ ያደርጋል። ሥጋው ተለያየ፤ ማዕዱ ግን አንድ ጣሪያ ሥር ቀረበ። መከባበር ማለት ይህ ነው፤ አንዱ ሌላውን ሕሊናውን እንዲጥስ ሳያስገድድ በክብር አስተናገደው።

ሰላምታውንም በራሳችን ቋንቋ እንመርምረው። «እንኳን አደረሳችሁ» ስንል አድራሹ ማን ነው? ፈጣሪ ነው። የቃሉ ፍሬ ነገር ከበሽታና ከሞት ተርፋችሁ ለዚህ ቀን በመብቃታችሁ ደስ ብሎኛል የሚል ነው፤ መልሱም «እንኳን አብሮ አደረሰን» ነው። ይህ ስለ ሕይወት የሚቀርብ ምስጋና እንጂ ስለ ዶግማ የሚሰጥ ምስክርነት አይደለም። እርግጥ ነው፣ ከሰላምታው ጋር የበዓሉን ሃይማኖታዊ ምሥጢር የሚያውጅ ቃል ሲጨመር ነገሩ ይለወጣል፤ ሙስሊሙ የማያምንበትን እንዲመሰክር ሊገደድ አይገባም። «እንኳን በሰላም አደረሳችሁ» ብሎ ለሚያቆም ሰው ግን ኢብኑል ቀይም የፈሩት ነገር ደርሷል ለማለት በእኔ አስተያየት ያስቸግራል።

ታሪክም አንድ ምሳሌ ያቀርብልናል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ615 ገደማ ከመካ ግፍ ሸሽተው ወደ ሐበሻ የመጡት የነቢዩ ባልደረቦች በክርስቲያን ንጉሥ ጥላ ሥር ሶላታቸውን ሳያጓድሉ ኖሩ። ከስደተኞቹ አንዷ የነበሩት ኡሙ ሰለማ እንደተረኩት፣ በንጉሡ ላይ ተቀናቃኝ በተነሣ ጊዜ ስደተኞቹ ድል እንዲያደርግ አላህን ለመኑ፤ ዙበይር ኢብኑል ዐዋምም የጦርነቱን ውጤት ለማየት በተነፋ ቁርበት ወንዝ ተሻገረ። የድሉ ዜና ሲመጣ እጅግ ተደሰቱ። የአስተናጋጃቸውን ደስታ ለመካፈል እምነታቸውን መለወጥ አላስፈለጋቸውም።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣም ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተካሄደውን ታላቅ ሰላማዊ ሰልፍ እናስታውሳለን። ከሙስሊሙ ጥያቄዎች አንዱ በዓላቱ በመንግሥት እንዲታወቁለት ነበር፤ በሰልፉም ክርስቲያን ወገኖች አብረው ተሰልፈዋል። ዒድ አል ፈጥር፣ ዒድ አል አድሃና መውሊድ ከዚያ በኋላ በአገር አቀፍ ደረጃ የሚከበሩ በዓላት ሆኑ። እነዚያ ክርስቲያኖች ለሙስሊሙ በዓል መከበር ድምፃቸውን ሲያሰሙ ከክርስትናቸው አንዳች አልቀነሱም።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ምንድን ነው? በመጀመሪያ፣ ሊቃውንት በተለያዩበት ጉዳይ አንዱን አስተያየት የያዘ ሙስሊም ሌላውን ከእምነት የወጣ አድርጎ መቁጠሩ ይቅር። ከመልካም ምኞት የሚቆጠብ ካለም የጎረቤቱን ሕመም በመጠየቅ፣ ለቅሶውን በመድረስ፣ ሸክሙን በማገዝ በጎነቱን ያሳይ፤ የሙምተሒናህ አንቀጽ ለእርሱም ተጽፏልና። ሁለተኛ፣ ክርስቲያኑ ወገን አብሮነትን በጠላና በጠጅ ብርሌ አይለካ። ሦስተኛ፣ የመሥሪያ ቤትና የትምህርት ቤት ኃላፊዎች ለሃይማኖት በዓል ዝግጅት መዋጮና መገኘትን ግዴታ አያድርጉ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የሃይማኖት ነፃነትን ሲያረጋግጥ አለመሳተፍንም ይጨምራል ብለን እናምናለን። እንደ አድዋ ድል ያሉት የአገር በዓላት ግን የሁሉም ናቸውና በእነዚያ ላይ ጥርጥር ሊገባን አይገባም።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። እሳት ሲነሣ ባልዲ ይዞ የሚደርሰው፣ ሌሊት ምጥ ሲመጣ መኪና የሚፈልገው፣ አስከሬን የሚሸኘው ይኸው ጎረቤት ነው። የእርሱን ደጅ ለመዝጋት ጠንካራ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ክፍት ለማድረግ ግን የአላህ ፈቃድ በቁርኣን ሰፍሮ ይገኛል። ዛሬ በዒድ ቀን ክርስቲያን ጎረቤታችን ከደጃችን ሲቆም ወንበር እናቅርብለት፤ የእርሱ ቀን በደረሰ ጊዜም እምነታችንን እንደያዝን ደኅንነቱን እንጠይቅ።

ዒድ ሙባረክ! በዓሉ የሰላም፣ የጤናና የመተሳሰብ ይሁንልን።